ጠበል የጠጡ ጥይቶች

«ከጠባሴ ተነስተሽ እስከ ጫጫ በእግርሽ ብትሄጂ፣ ስለ ሽጉጥ ጥይት እንደ እኔ የሚያውቅ አንድ ወንድ ብታገኚ ጸጉሬን ተላጭቼ እመነኩሳለሁ!» አለች ማርያማዊት፣ የጥቅምት ውርጭ ያደነዘዘውን ጣቷን በሻይ ብርጭቆ እያሞቀች።

«ስትመነኩሺ ቆቡን እኔ ነኝ የምገዛልሽ፤» አለች አክስቷ ይታይሽ። ከብርድ ልብስ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ገና መግባቷ ነው፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብላለች። «እስከዚያው ግን ካልሲሽን ከወንበሩ ላይ አንሺ። አባትሽ የሚቀመጥበት ነው።»

ቤቷ አንድ ክፍል ናት። በወር ሦስት ሺህ ብር ይከፈልባታል፤ አከራይዋ ግን «ለእናንተ በዘመድ ነው» ትላለች፣ ዘመድ ሳትሆን። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ስለሆነ ነፋስ በገባ ቁጥር እንደ ጠገበ ሆድ ይነፋል፣ ነፋሱ ሲወጣ ደግሞ ተመልሶ ይሟሽሻል። አክስትና የወንድም ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ ባለችው አንዲት አልጋ ላይ ራስና እግር ሆነው ይተኛሉ፤ ማን የማንን ፊት እንደረገጠ ጠዋት ጠዋት ይካሰሳሉ። ዛሬ ግን በበሩ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር አንድ ፍራሽ ተዘርግቷል። ማርያማዊት ለሁለት ሳምንት ልብስ ላጥብልሽ ብላ ከጎረቤት የተዋሰችው ነው። ላዩ ላይ ከመንዝ የመጣውን የሱፍ ባና አልብሳዋለች፣ በራስጌው በኩል ደግሞ የራሷን ትራስ አድርጋለታለች። ይታይሽ ስትገባ ፍራሹን አይታው ነበር። አየችው፣ ዞራ ሄደች። የእሷ ዝምታ ደግሞ ከስድቧ ይብሳል።

ማርያማዊት ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማረች «እኔ ከሌላው ሰው እጥፍ ተምሬያለሁ» ትላለች። የጥይት ትምህርቷን ያገኘችው ግን ከአክስቷ ስልክ ላይ ነው። ጢማቸው ደረታቸው ድረስ የወረደ ፈረንጆች፣ እንደ ረጋ የአጥንት መረቅ በሚንቀጠቀጥ ጥርት ያለ ነገር ላይ እየተኮሱ፣ ጥይቷ ምን ያህል እንደገባች በማስመሪያ ይለካሉ። ኪስ ውስጥ ተደብቃ ለምትያዝ ሽጉጥ የትኛዋ ትሻላለች እያሉ ይከራከራሉ። የሚሉትን አትሰማም፤ እንግሊዝኛቸው እንደ ተለቀቀ ቧንቧ ነው። ፊታቸውን እያየች ግን የትኛዋን እንደወደዷት ትለያለች፣ ይህንኑም እውቀት ብላ ይዛዋለች።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ባለፈው ወር ነው። አባቷ መምሬ ኪዳነወልድ የሚያገለግሉባት ኪዳነ ምሕረት ከአንኮበር ቁልቁል ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቦታ ናት። በዚያው ቁልቁለት ላይ አንድ ዲያቆን ታግቶ በዐሥራ አንደኛው ቀን ቤተሰቡ ያለውን ሸጦ አስለቀቀው። ይታይሽ ይህን በሰማች ዕለት ስልኳን አነሳችና ለወንድሟ ደወለች። «መምሬ፣ የዋሴ ሽጉጥ ከገብሴ ውስጥ ተቀብራ ተቀምጣለች። ፈቃዷም በስምዎ ዞሯል። ከእንግዲህ ባዶ እጅዎን በዚያ ቁልቁለት ቢመላለሱ እህት የለዎትም!» አለቻቸው። ዋሴ የሁለቱ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ባለፈው ዓመት በጉበት በሽታ ነው ያረፈው። መምሬ በመጨረሻ «እሺ፣ የሚያውቅ ሰው መርጦልኝ ደህና ጥይት ከተገኘ እይዛለሁ» አሉ። ይህን ጊዜ ነው ማርያማዊት ስልኩን ከአክስቷ እጅ መንጭቃ «አባባ፣ እኔ አውቃለሁ! እኔ እመርጥልዎታለሁ! እርስዎ ብቻ ይምጡ!» ብላ የጮኸችው።

ከፋሲካ ወዲህ አላየቻቸውም። ሰባት ወር መሆኑ ነው። እናቷ ከሞተች በኋላ ሰውየው እዚያ ቁልቁለት ላይ ብቻቸውን እሳት አንድደው፣ ብቻቸውን በሶ በጥብጠው ይኖራሉ፤ እሷ እዚህ ነጭ ሰሌዳ ስትመለከት ትውላለች። ለጓደኞቿ «አባቴ መንገዱ ስለተበላሸ ነው የማይመጣው» ትላለች። መንገዱ እውነትም ተበላሽቷል፤ ግን ሌላው ሰው ሁሉ ይመጣበታል።

መምሬ ኪዳነወልድ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። ጎንበስ ብለው ሲገቡ ጥምጥማቸው መቃኑን ነካው። ከስተዋል። ጥቁሩ በርኖሳቸው የጥድ ጭስና የእርጥብ ሱፍ ይሸታል፤ ማርያማዊት መስቀሉን ከተሳለመች በኋላ ግንባሯን ከዚያ በርኖስ ላይ ቶሎ አላነሳችም። እሳቸውም ቶሎ አልገፏትም። ከዚያ ቀና ብለው ቤቱን ቃኙና ዓይናቸው ፍራሹ ላይ አረፈ።

«እንግዳ አለባችሁ እንዴ?» አሉ።

ይታይሽ ወደ ምድጃው ዞራ ክዳን ማንኳኳት ጀመረች። ማርያማዊት «ምናልባት ቢመጣ ብለን ነው» አለች። ድምጿ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም።

ጥይት ከሚሸጠው ሽማግሌ ከጋሽ ወገኔ ዘንድ ሦስቱ አብረው ሊሄዱ ነበር፤ ይታይሽ ግን ዓይኗ በእንቅልፍ እየተገጠመ ስለሆነ ቀረች። ሽጉጧን ከገብሱ ጆንያ ውስጥ በክንዷ ልክ ቆፍራ አወጣችና ገለባውን አራግፋ በበፍታ ጨርቅ እንደተጠቀለለች ሰጠቻቸው። ቀጥላም በጥቁር ፌስታል የተቋጠረ የሃይላንድ ጠርሙስ አቀበለቻቸው። «የዋሴ የራሱ ጥይቶች ናቸው። የሚረቡ አይመስለኝም፣ እስቲ ለማንኛውም ለጋሽ ወገኔ ያሳዩአቸው» አለች።

የቅዳሜ ገበያ ነው፤ መንገዱ በአህያና በባጃጅ ተጨናንቋል። ማርያማዊት ከአባቷ ጎን እየሄደች ለሚያውቋት ሁሉ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች፣ «አያችሁ፣ አባት አለኝ» እንደማለት። መምሬ የጧፍ ዋጋ ጠየቁ። አንዷ ሃያ ብር ሲባሉ «በስመ አብ» ብለው አማተቡና ሦስት ገዙ። ልጅቷ ደግሞ ጊዜው ይህ ነው ብላ ሳምንቱን ሙሉ ያጠናችውን ነገር ጣል አደረገች።

«እዚህ ከእኛ ሰፈር በላይ ያለው ደብር ቄስ ጎድሎባቸዋል አሉ። ጸሐፊውን ጠየቅኩት። ቤትም ይሰጣሉ።»

«ለእኛም ጎድሏል፤» አሉ መምሬ፣ ጧፎቹን በጋዜጣ እየጠቀለሉ። «የቀረነው አምስት ነን። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ቅዳሴ ደግሞ ከአምስት ሲያንስ አይሆንም። ነገ ክርስትና የሚነሳ ልጅ አለ፣ አርባ ቀኑ ነው። እናቱ ትናንት ዶሮዋን ሸጣ ነጠላ ገዛችለት።»

በዚህች ሰዓት ነው ሐሳቡ የመጣላት። ስምንተኛ ክፍል ላይ የሒሳብ ፈተና ቀርቦላት እንዲህ ብልጭ ብሎላት አያውቅም። አባቷ «ደህና ጥይት ከተገኘ» ነው ያሉት። ካልተገኘስ? ካልተገኘማ እታለም የምትላት አክስቷ ባዶ እጃቸውን አትለቃቸውም፤ ይህ ማለት ዛሬ ያድራሉ ማለት ነው። ነገ እሑድ ነው፣ ጋሽ ወገኔ ሱቁን አይከፍትም። ሰኞ ሌላ ሰው መፈለግ ነው፣ ማክሰኞ ደግሞ እግዜር ያውቃል። የደብሩ ጸሐፊም እስከዚያ መምሬን ያገኛቸዋል። መራጭዋ ማን ሆነና! እርምጃዋን አፈጠነች።

ጋሽ ወገኔ ከገበያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ቡታጋዝና ቁልፍ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በጦር ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ሲያድሱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በሰፈሩ ወገኔ ያልፈታው ጠመንጃ እንደ ዱላ ነው ይባላል። መስቀል ተሳለሙ፣ ከቡታጋዝ የተረፈ ጋዝ የሸተተ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ የፈቃዱን ወረቀት በክንዳቸው ልክ አርቀው ይዘው እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበቡት። ከዚያ ሽጉጧን ፈታተው ውስጧን በብርሃን ተመለከቱ።

«ማካሮቭ ናት። ነፍሱን ይማረውና ዋሴ ደህና አድርጎ ይዟታል። የት ሊይዟት ነው መምሬ?»

«ከበርኖሱ ሥር፣ ኪሴ ውስጥ።»

«በቀኝ በኩል ነዋ።»

«በቀኝ በኩልማ መስቀሉ ነው ያለው።»

«ታዲያ በግራ እጅዎ ሊተኩሱ ነው?»

«መስቀሉን ግራ ላደርገው አልችልም፤» አሉ መምሬ ኪዳነወልድ፣ ነገሩ በዚሁ እንደተቋጨ ሁሉ። ጋሽ ወገኔ ከመደርደሪያው ላይ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አወረዱና ጠረጴዛው ላይ ያረጀ ነጠላ ዘረጉ። «መራጩስ ማነው?» ሲሉ መምሬ በአገጫቸው ወደ ልጃቸው አመለከቱ። «እሷ ታውቃለች።»

ጋሽ ወገኔ ልጅቷን ከእግሯ እስከ ራሷ አዩአት። «እንዲህ ነው?»

«ይቅረብልኝ፤» አለች ማርያማዊት፣ እጅጌዋን ወደ ላይ እየሰበሰበች።

መጀመሪያ የቀረቡት ቀለሃቸው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አሮጌ የወታደር ጥይቶች ናቸው። ሽማግሌው እንደ ምስር በጣታቸው እየበተኑ «እነዚህ የጥንት ናቸው፣ ግን አይከዱም። አንዷ ሦስት መቶ ሃምሳ። ለዚህች ሽጉጥ የተፈጠሩ ናቸው» አሉ። ማርያማዊት አንዷን አነሳች። ቀዝቃዛ ናት፣ ከገመተችው በላይ ትከብዳለች፤ እውነቱን ለመናገር በሕይወቷ ጥይት ስትነካ የመጀመሪያዋ ነው። ጆሮዋ ሥር አድርጋ ነቀነቀቻትና ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

«ውስጧ ረጥቧል» አለች።

«ልጄ፣ ጥይት እንደ ሐብሐብ አይንኳኳም።»

«ዝገትም አላት።»

«ቀለም ነው እሱ።»

«ከቀለሙ ሥር ነው ያልኩት ጋሼ። ዝገት ባይኖር ለምን ይቀባ ነበር?»

ጋሽ ወገኔ አረንጓዴዎቹን ወደ ጎን ገፉና ሌሎች አወጡ። እነዚህ እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቁ ናቸው፤ አዳዲስ ናቸው፣ ዋጋቸውም ይበልጣል። ማርያማዊት ወደ በሩ ወስዳ በፀሐይ አገላበጠቻት፣ ምራቋን ቀባችባት፣ በቀሚሷ ጠረገቻት። «በጣም ታበራለች» አለች በመጨረሻ። «እንዲህ የሚያበራ ነገር ሐሰተኛ ነው። የጎረቤታችን የአንገት ሐብል እንዲህ ሲያበራ ቆይቶ አንገቷን አረንጓዴ አደረጋት።»

«እንግዲህ ስትጠቁር ዝገት፣ ስታበራ ሐሰት! አንቺን ያገባ ሰው ወየውለት!» አሉ ጋሽ ወገኔ። መምሬ ኪዳነወልድ ወደ ግድግዳው ዞረው ሳሉ። ሳል አይመስልም ነበር።

ሦስተኛዎቹ አራት ብቻ ናቸው። ሽማግሌው ከወረቀት ውስጥ ፈትተው ሲያወጧቸው የማርያማዊት ልብ ዘለለ፤ አፍንጫቸው የተቦረቦረ፣ እነዚያ ጢማሞች እጃቸውን እያጨበጨቡ የሚወዷቸው እነዚህን ነው! ዕቅዷን ሁሉ ረሳችው። «እቺ ናት አባባ! ተደብቆ ለሚያዝ ሽጉጥ ከእሷ የተሻለ የለም። አልፋ ሄዳ ከኋላ የቆመውን ንጹሕ ሰው አትነካም፤ የነካችው ሰውዬ ውስጥ ነው የምትቀረው። ለሌላው ሰው አሳቢ ናት» ብላ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው።

«ውስጥ ስትቀር ምን ታደርጋለች?» አሉ መምሬ።

ማርያማዊት «እንደ አበባ…» ብላ ጀመረችና የአባቷን ፊት ስታይ አቆመች። የጨረሱላት ጋሽ ወገኔ ናቸው። «ትከፈታለች መምሬ። ወደ ጎን እየቀደደች ነው የምትቆመው። ሐኪም ቢደርስም የሚሰፋው ነገር አይተርፍም።» መምሬ ጠረጴዛው ላይ የነበረ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡት። ከውጭ የአህያ ነጂዎች ጩኸት ይሰማል፤ የበግ ሻጭ ዋጋ ይጣራል።

«የማይገድልስ የለህም?» አሉ መምሬ።

ጋሽ ወገኔ አልሳቁም። «እሱን ለእኔም አምጥቶልኝ የሚያውቅ ሰው የለም።»

«ደም ያፈሰሰ እጅ መሥዋዕት አይነካም። እኒያ ቢይዙኝ ገንዘብ የለኝም፣ ደብድበው ይለቁኛል፤ ባይለቁኝም ያው ነው። እኔ ተኩሼ ከገደልኩ ግን ነገ መቅደሱ በር ላይ ቆሜ የምቀር ሰው ነኝ። አምስት የነበርነውም አራት ሆንን ማለት ነው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸውን አልቀየሩም፤ የጧፍ ዋጋ ሲጠይቁ በነበረው ድምፅ ነው የተናገሩት።

ማርያማዊት ያን ጊዜ ወደ ዕቅዷ ተመለሰች። ከተቦረቦሩት አንዷን አነሳችና ያለ ፍቅር አየቻት። «ይቺም ለአሮጌ ሽጉጥ አትሆንም። ሽጉጧ ውስጥ ስትገባ ይይዛታል» አለች፣ ምንም የምትለው ስላጣች ብቻ። ጋሽ ወገኔ ቅንድባቸውን አነሱ። «እሱስ እውነት ነው። በአሮጌ ማካሮቭ ላይ ስትጎረስ ልትቀረቀር ትችላለች። እኔም አልመክርም ነበር።» ልጅቷ ደነገጠች። በሕይወቷ ሙሉ በአንድ ጊዜ ሞክራ ያገኘችው የመጀመሪያ ትክክለኛ መልስ ነው፤ እሱም በገዛ ራሷ ውድ ጥይት ላይ የፈረደ።

«እንግዲህ አልተገኘም፤» አለች ነጠላውን እያጠፈች። «ሰኞ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።»

መምሬ ግን ፌስታሉን እየፈቱ ነበር። የሃይላንዱን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ከሥሩ፣ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ፣ ሰባት ጥይቶች ተኝተዋል። ጋሽ ወገኔ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ጠርሙሱን አነሱና «ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«ጠበል ነው። ዋሴ ሲያርፍ እህቴ የሞተ ሰው ብረት ቤት ውስጥ ደም ይጠራል ሲሏት ጊዜ፣ ጥይቶቹን ጠበል ውስጥ ነከረቻቸው። ዓመት ሆናቸው።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ሆዳቸውን ያዙ፣ ኋላም እንባቸውን በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠርገው ፊታቸውን አጠቆሩት። ጥይቶቹን እጃቸው ላይ ገለበጧቸው። ቀለሃቸው ሻግቷል፣ እርሳሳቸው ነጭ አውጥቷል፣ ከኋላቸው ያለችው መምቻ አረንጓዴ ሆናለች። «መምሬ፣ እነዚህማ ክርስትና ተነስተዋል!» አሉ። «ከእንግዲህ ሰው አይነኩም። ከሰባቱ አንዷ ብትተኮስ ተአምር ብለው ይጻፉት።»

የመምሬ ኪዳነወልድ ፊት በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ። ጥይቶቹን በነጠላቸው ጫፍ አንድ በአንድ አደረቁ። «እንግዲያውስ እነዚህ ለእኔ ናቸው። እህቴም ባዶ እጅዎን አይሂዱ ነው ያለችኝ፣ ባዶ አይደለም። ልጄም ከሌላው ሁሉ ደህና አልተገኘም ብላለች።»

የማርያማዊት ዐይን ከአባቷ ወደ ሽማግሌው፣ ከሽማግሌው ወደ ቆርቆሮው ተመላለሰ። ካልተገኘ ይቀራሉ ብላ ነበር ያሰላችው። ለካ እሳቸው ካልተገኘ እንዲሁ እሄዳለሁ ብለው ነው የመጡት! «አባባ፣ አረንጓዴዎቹን… እስቲ እንደገና ልያቸው» አለች።

«ቅድም ዝገት ያልሻቸውን?» አሉ ጋሽ ወገኔ፣ ጥይቶቹን እፍኝ እፍኝ እያደረጉ ወደ ወተቱ ቆርቆሮ እየመለሱ።

«ተያቸው፤» አሉ መምሬ። «ባለሙያ አንዴ ፈርዷል።»

ምሳ የድንች ወጥና የባቄላ ሽሮ ነበር። ይታይሽ ሁለት ሰዓት ያህል ተኝታ ነቅታለች፤ በጉንጯ ላይ የትራሱ ስፌት ታትሟል። «ተገኘ?» ስትል መምሬ «ይዣለሁ» አሏት። እሷም እጇን ሰድዳ በበርኖሱ ላይ የግራ ኪሳቸውን ክብደት በመዳፏ መዘነችና ማርያማዊት ከወር ወዲህ አይታባት የማታውቀው እርጋታ ወረደባት። «ተመስገን። እንግዲህ እኔም ፈረቃዬን ሳልባንን እሠራለሁ» አለች። ማርያማዊት አሰላች። «እታለም፣ ጥይቶቹ የሞቱ ናቸው» ብትል፣ እታለም ሁለቱንም ጎትታ ወደ ሱቁ ትመልሳቸዋለች፤ አባቷ የሚገድል ጥይት ይዘው ይሄዳሉ። ዝም ብትል የማይተኩስ ይዘው ይሄዳሉ። ወዲህ ብትለው መሄድ፣ ወዲያ ብትለው መሄድ። ያም ሆኖ አፏን ከፈተች፤ በከፈተችበት ቅጽበት መምሬ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሷት። ማኘኩ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ስትውጠው ይታይሽ ተነስታ ፍራሹን ለሁለት እያጠፈች ነበር።

«ባለቤቶቹ ሳይፈልጉት አይቀሩም፤» አለች ለማንም ሳትል። ባናውን አራግፋ፣ የማርያማዊትን ትራስ ወደ አልጋው መልሳ ወረወረችው። መምሬ እጃቸውን ሲታጠቡ ውኃውን ብዙ ጊዜ አፈሰሱበት።

የአንኮበር መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው፤ ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ቁልቁለቱን ጨለማ ይቀድማል። ይታይሽ በቤቷ በር ላይ ተሰናብታቸው ወደ እንቅልፏ ተመለሰች፤ መናኸሪያ የሸኘቻቸው ማርያማዊት ናት። ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ነው የቀረው። መምሬ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ጧፎቹን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከጎናቸው አንዲት ወፍራም ሴትዮ የነጭ ሽንኩርት ማዳበሪያ ታቅፈው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ማርያማዊት አንድ እግሯን መሬት፣ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አድርጋ በሩን ይዛ ቆመች። ሳታስበው ደረቷ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወጣ።

«አባባ፣ ዋሽቻለሁ። አረንጓዴዎቹ ምንም አልሆኑም ነበር። የሚያበሩትም ደህና ናቸው። ስለ ጥይት የማውቀው አንድም ነገር የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጆሮሽ ሥር አድርገሽ ስታዳምጫት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

መምሬ ኪዳነወልድ ጧፎቹን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሯቸው። ወደ ሴትዮዋ ሰረቅ አድርገው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካህን አይዋሽማ። አንድ ሰው ሊዋሽልኝ ይገባ ነበር።»

ማርያማዊት ልትስቅ ፈለገች፣ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። በሩን ይበልጥ ጨበጠችው። ከፊት ያለው ነጂ ሞተሩን አስነሳ፣ መኪናው ከሥሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከመናኸሪያው ማዶ የሚመጣው ነፋስ ነጠላዋን አንስቶ የአባቷን ፊት ሸፈነው። እሳቸው ነጠላውን አላስወገዱትም፤ ለአፍታ ያህል ፊታቸው እዚያ ውስጥ ቆየ።

«ዛሬን ብቻ ይደሩ፤» አለች በፍጥነት፣ እየተደናቀፈች። «ዛሬን ብቻ። ወይ እኔ አብሬዎት ልውረድ። ትምህርቱ የትም አይሄድም። እኔ አብሬዎት ካለሁ በዚያ ቁልቁለት ማንም አይነካዎትም። ጥይትም አያስፈልግም፣ ለእነሱ የእኔ ምላስ ብቻ ይበቃቸዋል፤ ከአንኮበር እስከ ቆላው ድረስ አሯሩጬ…»

ሴትዮዋ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ ገለጥ አደረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ተዪውና በሩን ዝጊልን፤ ብርዱ ገደለን!»